የፕሮንክ ስዕል እንደ ፎቶ ይታመናል?

ጥያቄ፦ «ለሥራ ኔዘርላንድስ ሄጄ ኤግዚቢሽን ላይ የአንድ መንደር ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ስዕል አየሁ። የሠሪው ስም ኮርኔሊስ ፕሮንክ ይላል። ቆይቼ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ያው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው አቅጣጫ፣ አብርሃም ደ ሃን በሚባል ሌላ ሰው ስም ተለጥፎ አገኘሁት። አንዱ ከሌላው ሰርቆ ነው? ፕሮንክስ ማን ነው፣ ሰዓሊ ነው ወይስ ካርታ ሠሪ? ካሜራ ባልነበረበት ዘመን የተሠራ እንዲህ ያለ ስዕል ‹ቦታው በእርግጥ ይህን ይመስል ነበር› ለማለት ያስደፍራል?»

መልስ፦ ከሌብነቱ ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። ስርቆት አይመስለኝም። ደ ሃን የፕሮንክ ተማሪ ነበር። በ16 ዓመት ያንሰዋል። ሙቀት ሲገባ አብረው አገር ለአገር ይዞሩ ነበር። አንድ ቦታ ሲደርሱ ሁለቱም ወረቀታቸውን ያወጣሉ፣ ሁለቱም ይስላሉ። ማታ ማደሪያቸው ሲገቡ ደግሞ አንዱ የሌላውን ንድፍ ይገለብጣል። ይሄ በሙያው ውስጥ ነውር አልነበረም። እንዲያውም ጠቃሚ ነበር፤ የራስህ ወረቀት ቢጠፋ የጓደኛህ አለ። ስለዚህ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ስዕል ሲገጥምዎ ሁለት ምስክር አገኘሁ ብለው ያስቡ። ሁለቱ ምስክሮች ተመካክረው እንደሆን ማጣራት ግን ያስፈልጋል። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሰውየው። ፕሮንክ በ1691 አምስተርዳም ተወለደ፣ በ1759 እዚያው ሞተ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይያዙልኝ።) ሙያ የተማረው አርኖልድ ቦነን ከሚባል የታወቀ የሰው መልክ ሰዓሊ ነው። ይሄ ቦነን በዘመኑ የአምስተርዳም ባለ ገንዘቦች ፊት ለፊቱ ተቀምጠው የሚሳሉለት ሰው ነበር። ፕሮንክም የጀመረው በዚሁ ነው። የሰው መልክ ይስላል፣ ይከፈለዋል። ዛሬ ግን ስሙን ያቆየለት እሱ አይደለም። ያቆየለት በ1720ዎቹ የያዘው ሌላ ሥራ ነው፦ ከተማ፣ መንደር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ግንብ፣ ፍርስራሽ እየዞሩ መሳል።

ካርታ ሠሪ አልነበረም። ካርታ የሚሠራው ቀያሽ ሰንሰለትና የማዕዘን መለኪያ ይዞ ይወጣል፣ መሬቱንም ከላይ እንደሚታይ አድርጎ ያሰፍረዋል። ፕሮንክ ቆሞ ወይም ተቀምጦ፣ የዓይኑን ከፍታ ሳይለቅ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚነድፈው። በዘይት ቀለም ትልቅ ሰሌዳ ላይ ዛፍና ደመና የሚያሳምር የመልክዓ ምድር ሰዓሊም አይደለም። ለእንዲያ ያለው ሰዓሊ ቦታው ሰበብ ነው፤ ካስፈለገው ወንዝ ይጨምራል፣ ተራራ ያመጣል። ለፕሮንክ ግን ደንበኛው የሚከፍለው ለቦታው ነው። የግንቡ መስኮት አምስት ከሆነ አምስት መሆን አለበት።

ይሄ ደንበኛ ማን ነው? ሰብሳቢ ነው። በሆላንድ፣ ማለትም አምስተርዳም ባለችበት በምዕራቡ የኔዘርላንድስ ክፍል፣ ገንዘብ ያለው ሰው ካርታ፣ ህትመትና ስዕል በቦታ በቦታ እየመደበ በጥራዝ ወይም በሣጥን ማስቀመጥ ይወድ ነበር። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ፕሮንክ ከመወለዱ በፊት ላውረንስ ፋን ደር ሄም የሚባል የአምስተርዳም የሕግ ባለሙያ የሰበሰበው 50 ጥራዝ ዛሬ ቪየና በኦስትሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ። ዩኔስኮም «የዓለም ትውስታ» በሚባለው የጽሑፍ ቅርሶች መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይሄ ፍቅር ወደ ቤት ዞረ። ሰዎቹ ከሩቅ አገር ይልቅ የገዛ አገራቸውን አሮጌ ነገር ማሳደድ ያዙ። ቶሎ ካልተሳለ እንደሚጠፋ ያውቁ ነበራ። ግንቦች እየተሸጡ ጡባቸው ለሌላ ቤት ይውል ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው የአውሮፓ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ በኋላ ፕሮቴስታንቶቹ የተረከቧቸው ቤተ ክርስቲያኖችም ብዙዎቹ ለስብከቱ የሚበቃው ክፍል ብቻ ይጠገንና የቀረው ጣሪያው ወልቆ ሣር ይበቅልበት ነበር።

ከሰብሳቢዎቹ ሁሉ ለፕሮንክ ትልቁ አንድሪስ ስኹማከር ነው። የጨርቅ ነጋዴ ነው፣ በ1660 የተወለደ። እኔ ይሄን ሽማግሌ በጣም እወደዋለሁ። ከከተማ ከተማ በፈረስ በሚጎተት ጀልባ እየተጓዘ፣ ስለ እያንዳንዱ መንደር የሰማውንና ያነበበውን በእጁ እየጻፈ፣ የሌሎችን ንድፍ ጎኑ ላይ እየገለበጠ ጥራዝ በጥራዝ ላይ ደረደረ። ስዕል ሲባል እጁ ያን ያህል አልነበረም፤ ደረቅ ነው። ጽሑፎቹ ግን ዛሬ ዘ ሄግ ባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ዋናው የፕሮንክ ስዕል ጠፍቶ የስኹማከር ግልባጭ ብቻ ሲተርፍ ደግሞ ያ ደረቅ እጅ ወርቅ ይሆናል።

ፕሮንክ፣ ደ ሃንና ስኹማከር ሦስቱ አብረው ካደረጉት ጉዞ በጣም የሚነሳው በ1732 ድሬንተ የሄዱበት ነው። ድሬንተ በኔዘርላንድስ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ያኔ ቁጥቋጦና ረግረግ የበዛበት፣ ሰው የሳሳበት፣ አምስተርዳም ላለ ሰው የዓለም ዳርቻ የሚመስል አገር ነበር። ስኹማከር 70 ዓመት አልፎት ነበር፤ ሄደ። እዚያ ሁነቤድ የሚባሉ ከግዙፍ ድንጋይ የተሠሩ የጥንት መቃብሮች አሉ። ከ5,000 ዓመት በላይ ናቸው። በዚያ ዘመን ግዙፎች የሠሯቸው ናቸው ይባል ነበር፤ ቀደም ሲል የወጡ ህትመቶችም እንደ ተረቱ ነው የሚያሳዩአቸው። ፕሮንክና ደ ሃን ግን ድንጋዩን እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው ያዩት፦ የቱ ቆሟል፣ የቱ ወድቋል፣ የላይኛው ድንጋይ በየት በኩል ዘምሟል። ግዙፍ የለ፣ ተረት የለ።

ጊዜውንም ልብ ይበሉ። ልክ በእነዚያ ዓመታት የሆላንድን ባሕር የሚያግዱት ግድቦች ችግር ላይ ነበሩ። የግድቡን ፊት የሚጠብቀው የእንጨት ምሰሶ ነበር። እንጨቱን እየቦረቦረ የሚበላ የባሕር ትል በ1730ዎቹ መጀመሪያ ተዛመተ። መፍትሔው እንጨቱን በድንጋይ መተካት ሆነ። ሆላንድ ደግሞ ድንጋይ የላትም። ድንጋይ ያለው ድሬንተ ነው። የድንጋይ ዋጋ ናረ፣ ሰው ሜዳ ላይ ያገኘውን ሁሉ እየጫነ መሸጥ ጀመረ። መቃብሮቹም ተነኩ። በ1734 የድሬንተ አስተዳደር ከሁነቤድ ድንጋይ መውሰድን ከለከለ። ስለዚህ የ1732 ንድፎች የተሠሩት ገበያው በጋለበትና ክልከላው ገና ባልመጣበት ሰዓት ነው። ለአርኪዮሎጂ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩን ብነግርዎት የመታመኑን ጉዳይ ለመረዳት ይቀላል። ቦታው ላይ የሚሠራው በእርሳስ ነው። ትንሽ ደብተር፣ ቶሎ ቶሎ የተሰመረ መስመር፣ አንዳንዴ ጎኑ ላይ ማስታወሻ። ከዚያ መስመሩን በብዕር ያጸናዋል። ጥላውን በቀጭኑ በተበጠበጠ ግራጫ ቀለም በብሩሽ ይሞላል። የሚሸጠው ንጹሕ ስዕል ግን ብዙ ጊዜ የተሠራው ቤት ነው፣ ብርድ ሲመጣ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ከደብተሩ እየተገለበጠ። አንዱ ደንበኛ አይቶ ከወደደው ለሌላው ደግሞ ይሠራል። ስለዚህ ከአንድ ጉብኝት ሦስት አራት ስዕል ሊወለድ ይችላል፤ ሁሉም በራሱ በፕሮንክ እጅ፣ ሁሉም «እውነተኛ»።

ስልቱ ጸጥ ያለ ነው። ብርሃኑ እኩል ነው፣ ነጎድጓድ የለም፣ የሚያስደነግጥ ጥላ የለም። ጥግ ላይ አንድ ሁለት ሰው ያስቀምጣል፤ ዱላ የያዘ፣ ውሻ ያስከተለ። እነሱ ያሉት የግንቡን መጠን እንድንገምት ነው። ደባሪ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። አንድ ሥራውን ብቻ ካዩ ሊመስል ይችላል፤ ሃያውን በተርታ ሲያዩ ግን ሰውየው ራሱን ከመሃል ለማውጣት ምን ያህል እንደለፋ ይገባዎታል።

እሺ፣ ይታመናል ወይ? ሕንፃው በአብዛኛው አዎ። አካባቢው በጥንቃቄ። ዓመቱ ሳይጣራ በፍጹም።

ሕንፃውን በተመለከተ ፕሮንክ ከዘመኑ ሰዎች ሁሉ ጠንቃቃው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የመስኮት ብዛት፣ የጣሪያ ቁልቁለት፣ የተደፈነ በር፣ በሌላ ጡብ የተጠገነ ግድግዳ፣ እነዚህን አይዘልም። ህንፃ የሚጠግኑ አርክቴክቶች የሱንና የተማሪዎቹን ስዕል ዛሬም የሚያገላብጡት ለዚህ ነው።

አካባቢው ላይ ግን ያመቻቻል። ዛፍ ግንቡን ከከለለ ዛፉ ይቀጥናል። መንገዱ ጠባብ ሆኖ ሙሉውን ፊት ለማየት ወደ ኋላ መሸሽ ካልተቻለ፣ መንገዱ ወረቀቱ ላይ ሰፋ ይላል። ሁለት ቦታ ቆሞ ያየውን አንድ ላይ ያጋጥማል። የሙያው ሰዎች ሁሉ ይሄን ያደርጉ ነበር። ደንበኛው የከፈለው ቤተ ክርስቲያኑን ሊያይ እንጂ የጎረቤቱን ዛፍ ሊያይ አይደለም። ስለዚህ «መንገዱ በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ሰፊ ነበር» ብለው ከስዕል ብቻ አይጻፉ።

ዓመቱ ደግሞ ዋናው ወጥመድ ነው። ስዕል ላይ የተጻፈ ዓመት ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ሰውየው ቦታው ላይ የቆመበት፣ ንጹሑን ስዕል ቤቱ የሠራበት፣ ወይም ቦታው እንዲያ ይመስል ነበር ተብሎ የታሰበበት። ከፕሮንክ በፊት የነበረውን ፒተር ሳንሬዳምን ይውሰዱ። የአምስተርዳምን አሮጌ ማዘጋጃ ቤት በ1641 ነደፈ። ሕንፃው በ1652 ተቃጠለ። ሳንሬዳም የዘይት ቅቡን የጨረሰው በ1657 ነው፣ የሌለ ሕንፃ ማለት ነው። ግን ጨዋ ሰው ነውና ንድፉን በ1641 እንደሠራ፣ ቅቡን በ1657 እንደጨረሰ ስዕሉ ላይ ራሱ ጻፈልን። ሁሉም እንዲህ ደግ አይደለም።

ደግ ካልሆኑት አንዱ የፕሮንክ የዘመን ጓደኛ አብርሃም ራደማከር ነው። በ1725 የአገሩን ጥንታዊ ቦታዎች የሚያሳዩ 300 ህትመቶች አወጣ። በጣም የሚያምሩ ናቸው፣ ሰውም ተሻማባቸው። ብዙዎቹ ላይ ከ100 ዓመት በፊት የነበረ ዓመት ተጽፎባቸዋል። ራደማከር ያኔ አልተወለደም። አሮጌ ስዕል አግኝቶ የገለበጣቸው አሉ። ሌሎቹ ግን ከየት እንደመጡ ለማመን ይከብዳል። በዕለት ሥራዬ አሮጌ ስዕሎችን እያመሳከርኩ ስለምውል የሱ ስም ያለበት ወረቀት ሲመጣልኝ ቡና አዝዤ ነው የምቀመጠው፤ ረጅም ቀን ነው።

ፕሮንክን «ታማኝ» ብዬ ብተወው ግን ግማሹን ብቻ እነግርዎታለሁ። ምክንያቱም ያው እጅ፣ በዚያው ዘመን፣ ፈጽሞ የሌለ ዓለም ፈጥሯል። በ1734 የደች ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ቀጠረው። ሥራው ለፖርሴሊን ዕቃ ንድፍ ማውጣት ነበር። ኩባንያው ከቻይና የሚያመጣው ሳህንና ሲኒ ከሌላው ነጋዴ የተለየ እንዲሆን ፈልጓል። ደሞዙ በዓመት 1,200 ጊልደር ነበር፤ ለአንድ ነዳፊ ደህና ገንዘብ ነው። ፕሮንክ ቻይናን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ምንም አላስጨነቀውም።

የመጀመሪያው ንድፉ ዣንጥላ የተያዘላት ሴት ናት። ሴትየዋ ውሃ ዳር ቆማለች። አገልጋይዋ ከኋላ ዣንጥላ ይዛላታለች። ፊታቸው ወፎች አሉ። ልብሳቸው የቻይና ይመስላል፣ ግን የቻይናም አይደለም፤ አውሮፓ ውስጥ የተቀመጠ ሰው በምናቡ ያያት ቻይና ናት። የሚገርመው ወፎቹ ናቸው። ሆላንድ ረግረግ ውስጥ የሚገኙ ወፎች ናቸው፣ በደንብ የታዩ። ሰውየው ምናብ ውስጥ ገብቶ እንኳ ዓይኑን አልተወም። ንድፉ ወደ ባታቪያ፣ ዛሬ ጃካርታ ወደምንላት ከተማ ተላከ። ከዚያ ወደ ቻይናና ወደ ጃፓን ሄደ። የጃፓኖቹ ዋጋ አልተቻለም። የቻይናዎቹም ቢሆን ለእንዲህ ዓይነት ዝርዝር ሥራ ርካሽ አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች የሚባለውን፣ የአትክልት ዳሱን፣ ሌሎችንም ነደፈ። ሒሳቡ ግን አልመጣ አለ። በ1740 ኩባንያው ነገሩን ተወው። ሴትየዋ ግን አልሞተችም። የቻይና ሠራተኞች ለሌሎች ገዢዎች በራሳቸው መንገድ እየቀየሩ ለዓመታት ሠሯት። ዛሬ ፕሮንክ ሲባል የፖርሴሊን ሰብሳቢው የሚያስበው እሷን ነው፤ የሰሜን ሆላንድ ቤተ ክርስቲያኖቹን ያየ ጥቂት ነው። የሴትየዋ የ1734 ንድፍ ራሱ አምስተርዳም በብሔራዊው ሙዚየም፣ በሬይክስሙዚየም አለ።

ይሄን የነገርኩዎ ለወሬ አይደለም። መፈልሰፍ የማይችል ሰው ሆኖ አይደለም ቤተ ክርስቲያኑን እንዳለ የሳለው። ሲፈለግበት አሳምሮ ይፈለስፋል። የመንደሩ ስዕል ላይ ያልፈለሰፈው ሥራው ያ ስላልሆነ ነው። ስለዚህ አንድ ስዕል ፊት ስቆም መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን አዘዘው?» ብዬ ነው።

ስለ ተማሪዎቹ ባጭሩ። ደ ሃን ጎበዝ ነበር፣ ግጥምም ይጽፍ ነበር። በ1748 ከመምህሩ በፊት በ41 ዓመቱ ገደማ ሞተ። ከሁሉም በላይ ብዙ የሠራው ያን ደ ቤየር ነው። በ1703 ስዊዘርላንድ ተወልዶ አምስተርዳም ከፕሮንክ ዘንድ ተማረ። ከ1,000 በላይ ስዕል ትቷል፤ በተለይ የራይንና የማስ ወንዝ አካባቢን። ከፕሮንክ ትንሽ ሞቅ ያለ ነው፣ ሰዎቹም ይንቀሳቀሳሉ።

የእነዚህን ሰዎች ስዕል አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ግን በህትመት ነው። ይሳቅ ቲርዮን የሚባል የአምስተርዳም አሳታሚ ከ1745 ጀምሮ ንድፎቻቸውን በመዳብ ሰሌዳ እያስቀረጸ በትንንሽ ህትመት አወጣቸው። እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ሰው ይገባል፣ ቀራጩ። ቀራጩ ቦታውን አላየም። ሰዎቹን ይቀይራል፣ ጀልባ ይጨምራል፣ ሰማዩን ይሞላል። ካልተጠነቀቀም ምስሉ ሲታተም ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ቀለም የተቀባ ህትመት ካገኙ ደግሞ ቀለሙን ይርሱት። ብዙውን ጊዜ የተቀባው በኋላ ነው፣ አንዳንዱ ለቱሪስት ለመሸጥ በዘመናችን።

እርስዎ ላዩዋቸው ሁለት ስዕሎች እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። በመጀመሪያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ የማይረባውን ነገር አያለሁ፦ አጥሩን፣ ደመናውን፣ የቆመውን ሰው። ሕንፃው አንድ ዓይነት ሆኖ ሰዎቹ ከተለያዩ ሁለቱም ቦታው ላይ ነበሩ ማለት ሊሆን ይችላል። ውሻው ሳይቀር አንድ ከሆነ አንዱ ከሌላው ገልብጧል፤ እንግዲህ ሁለት ምስክር ሳይሆን አንድ ነው ያለዎት። ቀጥሎ የቆሙበትን ነጥብ አያለሁ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በአንድ ሁለት ክንድ ይለያያሉና ግንቡ ከጀርባው ያለውን ጣሪያ የሚቆርጥበት ቦታ በትንሹ ይለያል። ይሄን የሚያስመስል ገልባጭ የለም።

ከዚያ ፀሐይዋን። የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ ወደ ምሥራቅ፣ ግንቡ ብዙውን ጊዜ ወደ ምዕራብ ነው። ስለዚህ የቱ ግድግዳ ሰሜን እንደሆነ ይታወቃል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ሰሜኑ ግድግዳ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አይመታውም። ስዕሉ ላይ ብርሃኑ ከሰሜን ከመጣ ወይ ጥላው ቤት ውስጥ በግምት ተጨምሯል፣ ወይ ህትመቱ ተገልብጧል።

በመጨረሻም የስዕሉን ጀርባ ይጠይቁ። ፕሮንክም ሆነ ሰብሳቢዎቹ የቦታውን ስምና ዓመት እዚያ ይጽፉ ነበር፣ የተለያየ እጅ አንዱ በሌላው ላይ። ሙዚየሞች አሁን አሁን ጀርባውንም ፎቶ አንስተው ይለጥፋሉ፤ ካልለጠፉ በኢሜል ቢጠይቋቸው ብዙዎቹ ይልካሉ። ሬይክስሙዚየም የፕሮንክን ሥራ በነፃ፣ በትልቅ መጠን ድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል። የእርስዎ ስዕል ከነሱ ውስጥ ካለ አጉልተው የእርሳሱን መስመር ከብዕሩ ሥር ይፈልጉ። እርሳሱና ብዕሩ የማይገጥሙበት ቦታ ካዩ ደስ ይበልዎ፤ እዚያ ላይ ፕሮንክ ሐሳቡን ቀይሯል ማለት ነው። ገልባጭ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀይረው ሐሳብ የለውም።